ቁልቢ በሦስት ካሴት

የአባቴን ፔጆ 404 መሪ አልፎ አልፎ አጎቴም ይይዘው ነበር። ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ፣ ሞተር ሲግል መካኒክ ይነካካታል። የቴፑን ቁልፍ ግን ከአባቴ በቀር የነካ የለም። የነካም ካለ አንዴ ነው፤ ሁለተኛ አይለምደውም።

መኪናዋን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ማርሿ መሪው አጠገብ ስለሆነ ከፊት ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ አባት፣ እናት፣ መሃል ላይ ደግሞ ከልጆቹ ትንሹ። ትንሹ እኔ ነበርኩ። ቴፑ ጉልበቴ ፊት ለፊት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ቁልቢ ገብርኤል ያለውን መንገድ በሙሉ ሳልነካው እያየሁት ነው የምሄደው። አዳም እንኳ የተከለከለችው ዛፍ ጉልበቱ ላይ አልበቀለችበትም።

ጉዞው የስለት ነው። የቁልቢ ንግሥ በዓመት ሁለቴ ይውላል፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። ትልልቆቹ የታኅሣሡን ይመርጣሉ፤ ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ሕዝቡም የሚጎርፈው ያን ጊዜ ነው። እኛ ልጆች ግን ነፍሳችን የሐምሌው ነበር። ምክንያታችን ከአየር ጠባይ ጋር አይገናኝም። ታኅሣሥ 19 የሚውለው በነቢያት ጾም ውስጥ ነው፤ ኅዳር 15 የተያዘ ጾም ገና ሳይደርስ አይፈታም። በጾም ደግሞ እናቴ በተቀመጠችበት መኪና ዘፈን አይከፈትም። ሐምሌ 19 ላይ ግን የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባችም። ዘፈን ይፈቀዳል። የቄስ ትምህርት ጭንቅላቴ አልገባ ብሎ ያስቸገርኩ ልጅ የአጽዋማትን አቆጣጠር በቃሌ የያዝኩት በቴፕ ምክንያት ነው።

ይፈቀዳል ማለቴ ሲመለሱ ነው። የእናቴ ሕግ ግልጽ ነበር፤ ስንሄድ በገና፣ ስንመለስ ዘፈን። «ስለት ይዞ እየሄደ በጥላሁን የሚያንጎራጉር ሰው ገብርኤልን በምን አፉ ይለምነዋል?» ትላለች። አባቴ በሌላው ነገር ሁሉ የቤቱ አዛዥ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጸጥ ብሎ በገናውን ያዳምጣል። ጣቶቹ ብቻ መሪው ላይ ሌላ ነገር ይመታሉ።

ካሴቶቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ጥላሁን ገሠሠ፣ አንዱ ማህሙድ አህመድ። ሦስተኛው በየትኛውም ሙዚቃ ቤት የማይገኝ፣ እቤት የተቀዳ ነው፤ አንዱ ፊቱ በገና፣ ሌላው ፊቱ ከሬዲዮ የተለቃቀሙ ዘፈኖች። ካሴቱ ለቁልቢ ተብሎ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ደርሶ መልስ። ሻማው በርቶ፣ ስለቱ ገብቶ፣ ፔጆዋ ወደ አዲስ አበባ ስትዞር አባቴ ካሴቱን ይገለብጠዋል። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የሚሰማውን እፎይታ ገብርኤል ራሱ ሳይታዘበን አይቀርም።

የዘፈኑ ፊት እንዴት እንደተቀዳ ደግሞ ላጫውታችሁ። ሬዲዮኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቴፑ ትይዩ ይደረጋል፤ አባቴ ቀዩን ቁልፍ ይጫንና ቤተሰቡ ትንፋሹን እንዲውጥ በጣቱ ያዛል። አንድ ቀን ብዙነሽ በቀለ እየዘፈነች፣ ዘፈኑ የሞቀው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ አክስቴ በሩን በርግዳ «ቡናው ፈላ!» አለች። ተቀዳ። ካሴት ውድ ነው፤ ዘፈኑም ዳግመኛ መቼ እንደሚለቀቅ አይታወቅም፤ ስለዚህ እንዳለ ቀረ። ለዓመታት ከአዋሽ እስከ መተሐራ ባለው ቃጠሎ ውስጥ አክስቴ ቡና ታፈላለች። ያንን ዘፈን ዛሬ በዩቲዩብ ጥርት ብሎ ስሰማው አንድ ነገር ይጎድለኛል፤ ቡናው ሳይፈላ ያልፋል።

ቃጠሎ ያልኩት ለወጉ አይደለም። አዋሽ ላይ ክሩስኮት ላይ የተረሳ ካሴት ይጣመማል፤ የተጣመመውን ደግሞ ቴፑ ይበላዋል። መጀመሪያ የማህሙድ ድምፅ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይጎተታል፣ ከዚያ ጭጭ። አባቴ ጥግ ይዞ ያቆማል። እጁን ይጠርግና ጥቁሯን ክር ከቴፑ አፍ በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ ይስባል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከኋላችን መጥተው ይቆማሉ። «ምን ገጠማችሁ? ጎማ ነው?» «ካሴት ነው» ይላል አባቴ። የሳቀ ሾፌር አላየሁም፤ «አይዞህ» ብለው ነው የሚያልፉት። አንዱማ ወርዶ ክሩን ከጫፍ ይዞለታል። ክሩ ከተበጠሰ የእናቴ ኩቴክስ ይጠራል፤ ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው በኩቴክስ ይጣበቁና እስክርቢቶ በቀዳዳው ገብቶ ይጠቀለላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ታዲያ አንድ ሁለት ስንኝ መጉደሉ አይቀርም። በዚህ የተነሳ ጥላሁን አንዷን ልጅ በቅጡ ሳይተዋወቃት ተለያት። እናቴ «ይሻለዋል፤ ድሮም አትሆነውም ነበር» አለች።

ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በመኪና ውስጥ የራሱን ምርጫ ለመስማት የሞከረ አልጠፋም፤ ክራይስለር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሸክላ የሚያጫውት መኪና አውጥቶ ነበር። ሸክላው ከክሩስኮቱ ሥር ይሽከረከራል፣ መርፌው ላዩ ላይ ይሄዳል። በአሜሪካ አስፋልት እንኳ ብዙ አልዘለቀም። የጨርጨርን ጠመዝማዛ አንድ ጊዜ ቢያሳዩት ያ መሐንዲስ ሐሳቡን ገና በወረቀት እያለ ይቀደው ነበር።

አያቴ ይህን ሁሉ በዝምታ ይታዘቡ ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው ቁልቢ የሚሄዱት በባቡር ነው፤ ከለገሃር ተሳፍረው ድሬዳዋ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሽቅብ። «ያኔ ምን ትሰሙ ነበር?» ስንላቸው «ሰው» ይሉናል። ፉርጎው ውስጥ ጨዋታ አዋቂ አይጠፋም፤ አንዱ የአደን ታሪክ ይጀምራል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ሦስተኛው «እኔ እዚያው ነበርኩ» ይላል። ያልጣመ ጨዋታ የሚጠፋበት ቁልፍ ግን አልነበረም፤ ይህችን አያቴ አይጠቅሷትም። ከአንድ ደረቅ ወሬኛ ጋር እስከ ድሬዳዋ ጉልበት ለጉልበት መቀመጥ ምን እንደሚመስል እኔ በአውቶቡስ አይቼዋለሁና ለዚያ ዘመን ብዙም አልናፍቅም።

ኋላ አያቴም በቴክኖሎጂ ተለከፉ። የቆዳ ልብስ ያላት ትራንዚስተር ገዙ። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እያወጡ ክሩስኮቱ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፤ ካሴት የሚገድለው የአዋሽ ሙቀት የሞተ ድንጋይ ያስነሳል። ያቺ ሬዲዮ የምትይዘው አጭር ሞገድ ነው። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። አያቴ የጨርጨር ጋራ ላይ ሆነው ኮሎኝን ያዳምጣሉ፤ የዶቼ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር። የኔ መኪና ኤፍ ኤም በቀጥታ መስመር ብቻ ስለሚጓዝ ከከተማ ርቀን ቆላ ስንገባ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። በሬዲዮ ነገር ከአያቴ ወደ ኋላ ሄደናል፤ እንዲያውም በጣም።

ቴፑ ሲበላሽና የአያቴ ድንጋይ ሲያልቅ የሚቀረን እንቆቅልሽ ነበር። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ?» መልሱን ያጣ ሀገር ይሰጣል፤ የተቀበለው በሀገሩ ላይ ሆኖ ያሻውን ተሳድቦ መልሱን ይናገራል። እኛ በቁልቢ መንገድ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርንበት፤ ያለፍነው ከተማ አይሰጥም። ስለዚህ ከቃሊቲ ሳንወጣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆና ናዝሬት ባለቤት ያገኛሉ። ወንድሜ ናዝሬትን ሲረከብ ከተማው ዳር ጀምሮ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ይገባል፤ ብርቱካን ከገዛን «የኔ ነው፣ ብሉ» ይላል። አዋሽ የደረሳት እህቴ ለድልድዩ ልታስከፍለን ትሞክራለች። መተሐራን የያዘ ደግሞ ይታበያል፤ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ ስለምናይ «ሀገሬ በየዓመቱ ያድጋል» ይላል። ሂርና ስንደርስ የሚሰጥ ሀገር ያልቃል። ቁልቢን ለመስጠት የሞከረ ልጅ እናቴ ዞራ አየችው፤ ዳግመኛ ማንም አልሞከረም። የገብርኤል ነው።

አድገን እያንዳንዳችን በኪሳችን በአውቶቡስ መጓዝ ስንጀምር ቁልፉ ለሾፌሩ ተላለፈ። የረዥም መንገድ ሾፌር የሙዚቃ ምርጫው ጂኦግራፊ ይከተላል፤ አዋሽን ሲሻገር ዓሊ ቢራን ይከፍታል፣ የድሬዳዋ ልጅ ነውና። መሃል ላይ አንዲት እናት መዝሙር ይጠይቃሉ፤ መዝሙሩ ሲከፈት ከኋላ መንዙማ ይጠየቃል፤ ሁለቱም ሲከፈቱ ወጣቶቹ ያጉረመርማሉ። ይህን ጭቅጭቅ የፈታው ከአውቶቡሱ ጣሪያ የተንጠለጠለው ቴሌቪዥን ነው። የደረጀና የሀብቴ ቀልድ ሲከፈት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይስቃል። ችግሩ የውጭ ፊልም የተከፈተ ዕለት ነው። ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ማቀራረብ ሲጀምሩ አውቶቡሱ ሁሉ ባንዴ ያስላል፤ ረዳቱ ተስፈንጥሮ ያሳልፈዋል፤ በቸኮለ እጁ የፊልሙን ሩብ አብሮ ስለሚያሳልፈው ዋናው ሰውዬ ለምን እስር ቤት እንደገባ አናውቅም።

ጉዞው ሲያልቅ ፊልሙም ባለበት ይቆማል። መጨረሻቸውን ሳላይ የወረድኩባቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው። አንዱ ላይ ባንክ የዘረፈው ሰው ይያዝ አይያዝ ሲከነክነኝ ሾፌሩን ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ እኔ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው» አለኝ፤ «ዓመት ሙሉ ሲተኩሱ እሰማለሁ፤ ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ እግዜር ይወቀው።»

ከዚያ ፍላሽ መጣ። አባቴ ሦስት ካሴት ይዞ ቁልቢ ደርሶ ይመለሳል፤ እኛ ጥፍር የምታክል ነገር ላይ ሺህ ዘፈን ጭነን አንድ ዘፈን አናስጨርስም። ዘፋኙ ጉሮሮውን አጥርቶ ሊጀምር ሲል «ቀይረው» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ዘፋኞቹ መግቢያቸውን ብቻ አሰምተው ሲሰናበቱ ይኸው ዘመን ገፋ።

ስለ ብሉቱዝ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የባለቤቴ ወንድም አዲስ መኪና ገዝቶ ቤተሰቡን ሰብስቦ ለቁልቢ አወጣን። አማቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ስልኩ በብሉቱዝ ከመኪናው ጋር ተገናኝቶ መዝሙር ያሰማናል። ደብረ ዘይትን እንዳለፍን መዝሙሩ ተቋረጠና ስልክ ጠራ። በአራቱም በር ካለው ድምፅ ማጉያ የአንድ ዘመዳችን ድምፅ ወጣ፤ «ዛሬም እነዚያን ሰዎች ጭነህ ወጣህ? የነዳጅ እንኳ የማያዋጡ!» እነዚያ ሰዎች ዝም ብለን ተያየን። እሱ በድንጋጤ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነ፤ ድምፁን የሚቀንስ መስሎት ጨመረው። «እናትየዋስ አሉ?» አለ ድምፁ፣ አሁን መንገድ ላይ ያሉ ፍየሎች ሁሉ እስኪሰሙ። አማቴ «አለሁ ልጄ፣ እንደምን አደርክ» አሉ፤ ስልኩ ተዘጋ። ሞጆ ላይ ቦርሳቸውን ከፍተው ሁለት ድፍን ሁለት መቶ ብር አወጡና ክሩስኮቱ ላይ አስቀመጡ። ብሩ እስከ ቁልቢ ማንም ሳይነካው ሄደ። ንፋስ እንዳይወስደው መስኮት አልተከፈተም፤ በአዋሽ ሙቀት! አባቴ በዚህ መኪና ውስጥ ቢኖር ቴፑ በመቶ እጥፍ ይሻል እንደነበር ይፈርድ ነበር፤ ቴፕ ክር ይበላል እንጂ ሰው አያጋልጥም።

አሁን ያለነው እያንዳንዱ ተሳፋሪ የየራሱ ቁልፍ ባለበት ዘመን ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የወንድሜ ልጅ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ ክሩስኮት የሚባል ነገር የላትም፣ በቦታው ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን ተተክሏል። ከኋላ ደግሞ ሁለት ታብሌት፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለት ልጅ። ትንሿ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ታያለች፤ ቀጭኔዋ ስታወራ አብራ ትመልሳለች፣ ማዳመጫው ስላደነቆራት እየጮኸች። ታላቋ ምን እንደምታይ አይታወቅም፤ አውራ ጣቷ ብቻ ወደ ላይ ይገፋል። ፀብ የለም፣ «እሱ ነካኝ» የለም፣ «ደረስን ወይ?» የለም። እንዲያውም በአዳማው የፍጥነት መንገድ ስንሄድ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ አለቀና መክፈያው ጋ ስንደርስ ትንሿ አለቀሰች። «አባዬ አትቁም፣ አላለቀም!» አለች። አባቷም ከተማ ውስጥ አንዴ አዞራት። ወላጅ መንገድ አጠረ ተብሎ ሲወቀስ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከአዳማ ወጥተን ኔትወርኩ መንገዳገድ ሲጀምር ዕድሌን ሞከርኩ። «እንቆቅልሽ?» አልኳት ታላቋን። አንድ ጆሮዋን ገልጣ አየችኝ፣ ደንቡን አስረዳኋት፤ ጠየቅሁ፣ አላወቀችውም። «ሀገር ስጪኝ» አልኩ። «ዱባይን ሰጠሁህ» አለችኝ ሳታንገራግር። ዱባይ በዚህ መንገድ ላይ አይደለችም ብል ማን ሊሰማኝ! ተራው የሷ ሆኖ እኔን ጠየቀችኝ፤ ከዩቲዩብ የተለቀመ ነገር ነው፣ አልመለስኩትም። «እሺ፣ አዋሽን ልስጥሽ፣ ከነድልድዩ» አልኳት። «አጎቴ፣ ሀገር አልፈልግም» አለች፤ «ሆትስፖት ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ምን ላድርግ፣ ተረትቻለሁ።

ልጆቹ ላይ ለመፍረድ አይደለም። የአባቴ ፔጆ አምባገነንነት ነበር፤ በዛ ያሉ ሰዎች አንድ ሰው የወደደውን በግድ የሚሰሙበት ቤት። ታብሌቱ ለልጆቹ መብት ሰጥቷቸዋል፣ ለኛም ጸጥታ። ግን አባቴ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር፤ ሲከፋው ምን እንደሚመስል፣ ወጣት ሳለ ምን እንደወደደ፣ የትኛው ስንኝ ላይ ደርሶ መስኮቱን እንደሚያይ የማውቀው ሦስቱን ካሴቶች ያለፈቃዴ ስለሰማሁ ነው። የወንድሜ ልጅ ምን እንደሚወድ ልጆቹ አያውቁም። እሱም የነሱን አያውቅም። እኔ አሁን አንድ ዘዴ አለኝ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስልኬ ላይ ጭኜ በትልቁ ድምፅ ማጉያ እከፍተዋለሁ። ማዳመጫውን የሚያወልቅ ያወልቃል፣ የማያወልቅ ይተወዋል። እናቴ ግን አሁንም ከኋላ ወንበር ሆና ፊታውራሪ መሸሻን ትሰድባለች፤ ሰውዬው የሚሰማት ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ትንሿ ልጅ በቀደም ታብሌቷን ዘግታ ቅድመ አያቷን ታይ ነበር፤ ከቀጭኔዋ ይልቅ እሳቸው አስቂኝ ሆነውባት።

አንድ ልመና አለኝ። በቤታችሁ መኪና እንደወደዳችሁ አድርጉ። በአውቶቡስ ስትሳፈሩ ግን፣ በተለይ ለንግሥ ስትሄዱ፣ ቲክቶክን በስልካችሁ ድምፅ ማጉያ አትክፈቱብን። ሾፌሩ ዓሊ ቢራን ከፍቷል፣ ጎረቤታችሁ መዝሙር ላይ ነው፣ ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል፣ በዚያ ላይ የናንተ ስልክ ያንኑ የአሥር ሰከንድ ሳቅ ይደጋግማል። የጆሮ ማዳመጫ መርካቶም መገናኛም ሞልቷል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግዙ።